አንኮበርና ዙሪያዋ፤ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሕይወትና ግቢያቸው

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ደጋው በድንገት ከሚቆረጥበት አፋፍ ላይ ይደርሳል። በዚያ አፋፍ ላይ የአንኮበር ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ጎረቤላ ተዘርግታ ትገኛለች። ከጎረቤላ ጥቂት አለፍ ሲሉ ደግሞ፣ ከቀረው ተራራ ተለይቶ ብቻውን የቆመ ሾጣጣ ኮረብታ ይታያል። በአናቱ ላይ ከአሮጌው ቤተ መንግሥት የተረፈ የድንጋይ ግንብ ክፋይና፣ በቅርብ ዘመን በቀድሞው ግቢ አምሳል የተሠራ የእንግዳ ማረፊያ አሉ። ጎብኚው ኮረብታውን ወጥቶ፣ ግንቡን አይቶ፣ በምሥራቅ በኩል እስከ አዋሽና እስከ አፋር ሜዳ የሚዘረጋውን ቆላ ቁልቁል ተመልክቶ ይመለሳል። ከኮረብታው በታች ያሉትን መንደሮች ግን ልብ ብሎ የሚያያቸው ጥቂት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በዚያ ኮረብታ ላይ ከ30 ዓመት በላይ የነገሡትን የሸዋውን ንጉሥ ሣህለ ሥላሴን ሕይወት ባጭሩ መተረክ ነው። ይሁን እንጂ የንጉሡ ታሪክ ከኮረብታው ጫፍ ብቻ ቢታይ ግማሹ ይጎድላል። ግቢያቸውን ያቆሙት የአጥሩ ግንዶች ብቻ አልነበሩም፤ ውኃ የሚቀዳለት፣ እህል የሚጫንለት፣ ብረት የሚቀጠቀጥለት፣ ቀረጥ የሚሰበሰብለት በዙሪያው ያሉ መንደሮች ነበሩ። በሕንፃና በቅየሳ ሙያ ለተሰማራ አንባቢ ይህ ጉዳይ የታሪክ ጨዋታ ብቻ ሆኖ አይቀርም። አንድ ሕንፃ በምን እንደሚቆምና በምን እንደሚወድቅ የሚያስተምር ነውና።

ሣህለ ሥላሴ የተወለዱት በ1780ዎቹ ዓመተ ምሕረት መጨረሻ ገደማ ነው። የዘር ሐረጋቸው በመንዝ ከተነሡትና ቀስ በቀስ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ግዛታቸውን ካሰፉት የሸዋ ባላባቶች ይመዘዛል። ቅድመ አያታቸው አምኃ ኢየሱስ፣ አያታቸው አስፋ ወሰን፣ አባታቸው ወሰን ሰገድ ተከታትለው ሸዋን ገዝተዋል። ይህ ዘመን በሰሜኑ አገር ዘመነ መሳፍንት የሚባለው፣ የጎንደር ነገሥታት ስም ብቻ ይዘው ሥልጣኑ በየመሳፍንቱ እጅ የወደቀበት ጊዜ ነበር። የሸዋ ገዢዎች ለጎንደር ዙፋን በቃል እየተገዙ በሥራ ግን ራሳቸውን ችለው ኖሩ። የሚጠሩትም መርእድ አዝማች በሚል ማዕረግ ነበር። አንኮበር በእነርሱ እጅ የገባችውና ዋና መቀመጫ የሆነችው በዚሁ የመስፋፋት ጊዜ ነው። ስሟን አንዳንዶች አንኮ ከምትባል የጥንት እመቤት ጋር አያይዘው፣ የአንኮ በር ማለት ነው ይላሉ። እርግጥም ቦታዋ በር ናት፤ ከቆላው ወደ ደጋ የሚወጣው መንገድ የሚያልፈው በእርሷ ነውና።

መርእድ አዝማች ወሰን ሰገድ በ1805 ዓ.ም. ገደማ በሰው እጅ ተገደሉ። ታላቁ ልጃቸው በኩሬ በዚያን ጊዜ በመርሐ ቤቴ ስለ ነበሩ ፈጥነው አልደረሱም። ታናሹ ሣህለ ሥላሴ ግን ገና የ18 ዓመት ያህል ወጣት ሆነው በገዳም ትምህርት ላይ ሳሉ የአባታቸውን ሞት ሰሙ፤ ሳይውሉ ሳያድሩም ሕዝቡን ወደ ራሳቸው አዘነበሉና የአባታቸውን ቦታ ያዙ። ከዚያ በኋላ በኩሬና ሌሎች ወንድሞቻቸው ተይዘው ከአንኮበር በታች በቆላው አፋፍ በምትገኘው በጎንቾ አምባ ታሰሩ። የንጉሣዊ ቤተ ሰብ ወንዶች ልጆችን በአምባ ማሰር በኢትዮጵያ የቆየ ልማድ ነበር፤ ከአባይ ማዶ ያለው ወኅኒ አምባም ለዚሁ ያገለገለ መሆኑ የታወቀ ነው። ሆኖም ይህ እሥር እስከ ንጉሡ እርጅና ድረስ እንደ ጥላ ሲከተላቸው ኖሯል።

ሣህለ ሥላሴ በነገሡባቸው ዓመታት የአባቶቻቸው ማዕረግ አልበቃቸውም። መርእድ አዝማችነቱን ትተው ንጉሥ ተባሉ፤ ከሸዋም ሌላ የይፋትን፣ የኦሮሞንና የጉራጌን ስም በማዕረጋቸው ላይ ጨመሩ። ያዩዋቸው የውጭ አገር ሰዎች በጻፉት መሠረት አንደኛው ዓይናቸው ማየት የተሳነው ቢሆንም ግርማ ሞገስ ያላቸው፣ በንግግር የተቆጠቡ፣ የሰውን ልብ መርምረው የሚያውቁ ነበሩ። እናታቸው ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ በሰላ ድንጋይ ተቀምጠው አገር ያስተዳድሩ ስለ ነበር በልጃቸው መንግሥት ላይ ምክራቸው ከባድ ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ በዛብሽም በግቢው ውስጥ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው።

አሁን ወደ ግቢው እንመለስ። የንጉሡ ቤተ መንግሥት እንደ ጎንደር ግንቦች በድንጋይና በኖራ የተሠራ አልነበረም። በኮረብታው አናት ላይ የሣር ክዳን ያላቸው ረዣዥምና ክብ ቤቶች ተደርድረው ነበር። ከኮረብታው ሥር ጀምሮ እስከ ጫፍ ድረስ ደግሞ ወፍራም የግንድ አጥር፣ እንደ እባብ እየተጠመጠመ፣ ተራ በተራ ይወጣ ነበር። ወደ ንጉሡ አዳራሽ የሚሄድ ሰው በሩን አልፎ ሌላ አደባባይ፣ አደባባዩን አልፎ ሌላ በር ማለፍ ነበረበት። በእያንዳንዱም በር ዘበኛ ነበር። በአውሮፓ፣ ለምሳሌ በሆላንድ አገር፣ አንድ ትንሽ ባላባት ቤተ መንግሥቱን በሜዳ ላይ በጡብ ሲገነባ ዙሪያውን ጥልቅ የውኃ ቦይ ያስቆፍር ነበር። የአንኮበር ባለቤቶች ግን የውኃውን ቦይ ሥራ ለገደሉ ተዉለት። ከሦስት አቅጣጫ የሚወርደው ቁልቁለት ከማንኛውም ቦይ ይበልጥ ጠላትን የሚከለክል ነበር።

ይህ አሠራር ጥበብ ያለበት ሲሆን ዕዳም ነበረበት። ግንድ ይነቅዛል፤ ሣር ይበሰብሳል፤ እሳትም ሁለቱን ይበላል። እንዲህ ያለ ግቢ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው ሳይሆን በየጊዜው የሚታደስ ነው። ለአጥሩ እንጨት የሚቆርጥ፣ ለክዳኑ ሣር የሚያጭድ፣ ጭነቱን አቀበቱን ይዞ የሚወጣ ሰው ከዓመት ዓመት ያስፈልጋል። ስለዚህ የድንጋይ ግንብ ያለው ገዢ መንደሮቹን ለጥቂት ጊዜ ሊረሳቸው ይችላል፤ የግንድ አጥር ያለው ገዢ ግን በየክረምቱና በየበጋው ያስታውሳቸዋል፤ እነርሱም ያስታውሱታል።

ከሁሉ የሚከብደው የውኃው ነገር ነበር። የኮረብታው አናት ከጠላት የራቀውን ያህል ከምንጭም የራቀ ነው። በ1834 እና በ1835 ዓ.ም. በሸዋ የቆየው ቻርልስ ጆንስተን የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም እንደ ጻፈው፣ የግቢው ሴት ባሮች እንስራ ተሸክመው በየቀኑ ወደ ወንዙ እየወረዱ ውኃ ያመላልሱ ነበር። ዱቄቱም እንደዚሁ ነው። ለንጉሡ ማዕድ፣ ለዘበኞቹ፣ ለእንግዳውና ለድኻው የሚቀርበው እንጀራ የሚፈጨው በሴቶች ጉልበት በእጅ ወፍጮ ነበር። የግብሩ አዳራሽ ድምቀት ሲነገር ከአዳራሹ በስተጀርባ የነበረው የወፍጮ ድምፅ አብሮ መታወስ ይገባዋል።

መንደሮቹ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሥራ ነበራቸው። እመ ምሕረት በምትባለው ስፍራ ጠቢባን የሚባሉ የእጅ ባለሙያዎች ይኖሩ ነበር፤ ብረት እየቀጠቀጡ፣ ሸክላ እየሠሩ ለግቢውም ለገበሬውም ያቀርቡ ነበር። ሕዝቡ ሥራቸውን እየፈለገ ሰውነታቸውን ግን ይፈራና ይንቅ ነበር፤ ይህም በአገራችን በእጅ ባለሙያ ላይ የቆየው አሳዛኝ ልማድ አካል ነው። ወደ ቆላው ዘቅዘቅ ሲሉ ደግሞ የአርጎባ መንደሮች ይገኛሉ። አርጎባዎች በሽመናና በንግድ የታወቁ ሙስሊሞች ናቸው። ደገኛው ክርስቲያን የሚለብሰው ጥጥ በቆላው እየበቀለ፣ በእነርሱም እጅ እየተሸመነ ወደ ላይ ይወጣ ነበር። ስለዚህ የአንኮበር አፋፍ ሁለት የአየር ጠባይና ሁለት ሃይማኖት የሚገናኙበት፣ አንዱ ያለሌላው የማይኖርበት ቦታ ሆነ።

ከመንደሮቹ ሁሉ ለንጉሡ ግምጃ ቤት ይበልጥ የጠቀመችው አልዩ አምባ ናት። ከአንኮበር በታች በምሥራቅ በኩል ያለችው ይህች የገበያ ከተማ ከባሕር የሚመጣው የሲራራ ነጋዴ ዕቃውን የሚያራግፍባት ነበረች። ግመሎቹ ከታጁራ ወደብ ተነሥተው፣ በአሳል ሐይቅ አጠገብ ጨው ጭነው፣ የአፋርን በረሃ አቋርጠው፣ አዋሽን ተሻግረው ከብዙ ሳምንታት ጉዞ በኋላ ይደርሱ ነበር። ግመል ደጋውን መውጣት ስለማይችል ጭነቱ ከዚያ ወዲያ በአህያና በበቅሎ ይጫናል። በዓርብ ገበያዋ አርጎባው፣ አፋሩ፣ ሐረሬው፣ አማራውና ኦሮሞው ይገናኙ ነበር። ከባሕር በኩል ጨው፣ ጨርቅ፣ መዳብ፣ ዶቃና ጠመንጃ ይገባል፤ ከደጋው ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ቆዳ ይወጣል። ሰውም ይወጣ ነበር። በአጠገቧ ያለችው አብዱል ረሱል የባሪያ ገበያ ነበረች፤ ከደቡብና ከምዕራብ የተማረኩ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት በዚያ ተሸጠው ወደ ባሕር ይነዱ ነበር። ከዚህ ንግድ የሚገኘው ቀረጥ ወደ ንጉሡ ግምጃ ቤት ይገባ እንደ ነበር ሳንሸፋፍን መናገር ይገባናል።

ይህን የቆላ በር የሚጠብቁት የይፋት ሙስሊም ባላባቶች ነበሩ። የጥንቱን የይፋት ሡልጣኖች ስም የወረሱት ወላስማ መሐመድ ጎንቾን ይዘው፣ መንገዱንም ግዞተኞቹንም ይጠብቁ ነበር። ክርስቲያኑ ንጉሥ የገዛ ወንድሞቻቸውን በሙስሊሙ ባላባት እጅ ማስጠበቃቸው በዘመኑ የነበረውን የፖለቲካ ብልኃት ያሳያል። ወላስማው በንጉሣዊው ወንበር ላይ የይገባኛል ጥያቄ ስለሌላቸው ከማንኛውም የሥጋ ዘመድ ይልቅ የታመኑ ነበሩ።

ሣህለ ሥላሴ በአንኮበር ብቻ አይቀመጡም ነበር። በ1820ዎቹ መጀመሪያ በምዕራብ በኩል በደጋው ሜዳ ላይ አንጎለላን ቆረቆሩ፤ ደብረ ብርሃንንም እንደገና አቀኑ። አንኮበር የቆላውንና የባሕሩን መንገድ ስትጠብቅ፣ አንጎለላ ወደ ኦሮሞ አገር ለሚደረገው ዘመቻ መነሻ ሆነች። በመስቀል በዓል ሠራዊቱ ሁሉ በደብረ ብርሃን ሜዳ ተሰብስቦ በንጉሡ ፊት ያልፍ ነበር። በዓመት ውስጥም ከአንድ ጊዜ በላይ ዘመቻ ይወጣ ነበር። እነዚህ ዘመቻዎች ለሸዋ ግዛትና ከብት ቢያመጡም ለተዘመተበት ሕዝብ የእሳትና የሞት ዘመን ነበሩ። በ1834 ዓ.ም. ከንጉሡ ጋር የዘመተው የእንግሊዝ ልዑክ፣ በኋላ አዲስ አበባ በተቆረቆረችበት በፍንፍኔና በእንጦጦ አካባቢ መንደሮች ሲቃጠሉ፣ ሰዎችም ሲገደሉና ሲማረኩ ማየቱን በዝርዝር ጽፏል። የሸዋን መንግሥት መስፋት የሚያደንቅ ሰው ይህንንም ገጽ ማንበብ አለበት።

በግዛቱ ውስጥም ሰላም ሁልጊዜ አልነበረም። መዶቆ የተባለው ስመ ጥር የጦር አለቃቸው በ1820ዎቹ ውስጥ ሸፍቶ ከኦሮሞ ጭፍሮች ጋር ተባብሮ ወጋቸው። ይህ ሽፍትነት የንጉሡን መንግሥት ክፉኛ ካናወጡት ነገሮች አንዱ ነው። በቤተ ክህነት በኩል ደግሞ የሦስት ልደትና የሁለት ልደት ክርክር ካህናቱን ከሁለት ከፍሎ ነበር። ሣህለ ሥላሴ በሸዋ የተስፋፋውን የሦስት ልደት ትምህርት ስለ ደገፉ ከጳጳሱ ከአቡነ ሰላማ ጋር ተጋጩ።

ከዚህ ሁሉ ግን የንጉሡን ጠባይ ይበልጥ የሚገልጠው የረኃቡ ጊዜ ነው። በዘመናቸው ሸዋን ድርቅና ረኃብ ደጋግሞ መታት፤ የኮሌራ ወረርሽኝም ተጨመረበት። ከብት አለቀ፤ ማረሻ ቆመ። ንጉሡ ግን ለዓመታት ያከማቹት የጎተራ እህል ነበራቸው። ጎተራው ተከፈተ፤ ብዙ ሰው ከሞት ተረፈ። ነገር ግን እህሉን የበላው ሰው ዋጋውን የሚከፍልበት ስላልነበረው ራሱን ሰጠ። ነጻ የነበረው ገበሬ የንጉሡ ጥገኛ፣ ልጆቹም እንደ ባሪያ የሚቆጠሩ ሆኑ። እንግሊዛዊው ልዑክ ሃሪስ እንደ ጻፈው፣ በኋላ ንጉሡ ይህን ሥርዓት በአዋጅ ሽረው ከአራት ሺህ በላይ ሰዎችን ነጻ አውጥተዋል። ጸሐፊው ለራሱ ምክር ትልቁን ድርሻ መስጠቱ አይቀርም፤ አዋጁን ያወጡት ግን ንጉሡ ናቸው። አንድ ጎተራ የሰውን ሕይወት ለማዳንም፣ ነጻነቱን ለመውሰድም እንደሚያገለግል ከአንኮበር ታሪክ ይበልጥ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። የጎተራው ግንባታ በሁለቱም ጊዜ አንድ ነበር፤ የተለወጠው ቁልፉን የያዘው ሰው ፈቃድ ነው።

ንጉሡ ለውጭው ዓለም በራቸውን የከፈቱት ቀይ ባሕር አዲስ ትኩረት ባገኘበት ጊዜ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1839 ዓደንን ያዘ፤ የእንፋሎት መርከቦችም በሕንድና በግብፅ መካከል መመላለስ ጀምረው ነበር። በዚያው ዓመት፣ በ1831 ዓ.ም.፣ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍና ካርል ቪልሄልም ኢዘንበርግ የተባሉ ጀርመናውያን ሚሲዮናውያን አንኮበር ገቡ። ጥቂት ቆይቶ ሮሼ ዴሪኩር የተባለው ፈረንሳዊ መጣ። በ1833 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የሚመራ የእንግሊዝ መልእክት መድፍ፣ ጠመንጃና ልዩ ልዩ ገጸ በረከት ይዞ ደረሰ። በኅዳር ወር 1834 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር፣ በ1835 ዓ.ም. ደግሞ ከፈረንሳይ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። ሣህለ ሥላሴ ከእነዚህ እንግዶች የፈለጉት በግልጽ የታወቀ ነበር፤ ጠመንጃና የእጅ ጥበብ። ለስብከታቸው ያን ያህል ጆሮ አልሰጡም። በዘመናቸው አጋማሽ ጥቂት የነበረው የግቢው ጠመንጃ ከጊዜ በኋላ ወደ አንድ ሺህ መድረሱን ተጓዦቹ ገምተዋል። ውሎቹ ግን በሥራ ላይ ብዙም ሳይውሉ ቀሩ፤ የታጁራ መንገድ አሁንም በነጋዴውና በአፋር ባላባቶች እጅ ነበርና።

ለሙያችን የሚቀርብ አንድ ታሪክ በዚህ ጊዜ ተፈጽሟል። ዲሜጥሮስ የተባለ አልባንያዊ ግንበኛ በንጉሡ ዘንድ ተቀምጦ ቤት ይሠራላቸው ነበር። ይኸው ሰው ከአንኮበር ሥር በሚወርድ ውኃ የሚዞር ወፍጮ ሠራ። ወፍጮው ፈጨ፤ ነገር ግን ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ስላወገዙት ተተወ። ይህን ታሪክ በካህናቱ ላይ ለመሳቅ ብቻ የሚጠቅሱት አሉ። ነገር ግን ከውግዘቱ ሌላም ምክንያት ማሰብ ይቻላል። የእጅ ወፍጮ በሚፈጩ ብዙ ባሮች ላይ የቆመ ግቢ ጉልበት የሚቆጥብ መሣሪያን አጥብቆ የሚፈልግበት ምክንያት አልነበረውም። መሣሪያው የሚያሳርፋቸው ሴቶች በምክሩ ላይ አልተጠየቁም። አንድ አዲስ ነገር ሥር የሚሰደው ከሚጠቅመው ሰው እጅ ሲገባ ነው፤ የአንኮበር ወፍጮ ግን እዚያ ሳይደርስ ቆመ።

ከሃሪስ ጋር ዮሐን ማርቲን በርናትዝ የተባለ ጀርመናዊ ሠዓሊ መጥቶ ነበር። እርሱ የሣላቸው የአንኮበርና የአካባቢው ሥዕሎች በኋላ ታትመዋል። ስለ ግቢው መልክ ዛሬ የምናውቀው ብዙው ነገር ከእነዚህ ሥዕሎችና ከተጓዦቹ ማስታወሻ የተገኘ ነው። ግቢውን የሠሩት ሰዎች ፕላን በወረቀት ላይ አላስቀመጡም፤ ልኩ በክንድና በገመድ፣ ትምህርቱም ከአባት ወደ ልጅ ነበር። ስለዚህ ሠሪዎቹ ሲያልፉ ዕውቀቱም አብሮ አለፈ፤ የቀረልን የእንግዳ ዓይን ያየው ነው።

የንጉሡ ጤና በ1830ዎቹ መጀመሪያ እየደከመ ሄደ። ሕመም በጸናባቸው ጊዜ በሃሪስ አማላጅነት በጎንቾ ታስረው የኖሩትን ዘመዶቻቸውን እንዲፈቱ አዘዙ። ከ30 ዓመት ያህል በኋላ ከጨለማ ወጥተው በንጉሡ ፊት የቆሙት መሳፍንት በእሥር ቤት የእጅ ሥራ እየሠሩ ዘመናቸውን የፈጁ ነበሩ። በአምባው ላይ የጠፋውን ዕድሜ የሚመልስ አዋጅ አልነበረም፤ ቢሆንም በገዛ ደማቸው ላይ የዘጉትን በር ራሳቸው ከፍተው መሞታቸው ለንጉሡ የሚቆጠርላቸው ነው።

ሣህለ ሥላሴ ከረዥም ሕመም በኋላ በጥቅምት ወር 1840 ዓ.ም. ዐረፉ። ልጃቸው ኃይለ መለኮት ያለ ጦርነት ነገሡ። ይህም ራሱ በዘመነ መሳፍንት እንደ ትልቅ ነገር የሚቆጠር ነበር። ከኃይለ መለኮት ሌላ፣ በኋላ ዘመን በሸዋ ታላቅ ስም ያተረፉት ራስ ዳርጌ ልጃቸው ናቸው። ሴት ልጃቸው ወይዘሮ ተናኘ ወርቅ የራስ መኮንን እናት በመሆናቸው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ከእርሳቸው ዘር ይቆጠራሉ። በነሐሴ ወር 1836 ዓ.ም. በአንጎለላ የተወለደው የልጅ ልጃቸው ሣህለ ማርያም ደግሞ በኋላ ዳግማዊ ምኒልክ ተብሎ ነገሠ።

ግቢው ግን ከባለቤቱ በኋላ ብዙ መከራ አየ። በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲወሩ ኃይለ መለኮት በዚያው ሰሞን ታመው ሞቱ፤ ሕፃኑ ምኒልክም ተማርኮ በኋላ ወደ መቅደላ ተወሰደ። በ1857 ዓ.ም. አምልጦ ሲመለስ የአያቱን ወንበር ያዘ፤ አንኮበርንም መልሶ መቀመጫው አደረጋት፤ በኮረብታው ላይም ቤተ መንግሥቱ እንደገና ተሠራ። በ1869 ዓ.ም. ማርኪ ኦራዚዮ አንቲኖሪ የመራው የኢጣልያ የጂኦግራፊ ማኅበር ጓድ ሲመጣ ምኒልክ በአንኮበር አጠገብ ያለችውን ሌት ማረፊያን ለምርምር ጣቢያ ሰጡት። አንቲኖሪም በ1874 ዓ.ም. እዚያው ሞቶ ተቀበረ። ነገር ግን ምኒልክ ዓይናቸውን ወደ ደቡብ ስላዞሩ ዋና ከተማው ወደ እንጦጦ፣ በ1879 ዓ.ም. ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ወረደ። የአንኮበር ኮረብታ የግምጃ ቤትና የግዞት ቦታ ሆኖ ጥቂት ከቆየ በኋላ ባለቤት አጣ። ወደ ባሕር የሚሄደው ንግድም በሐረርና በባቡሩ መንገድ ሲዞር የአልዩ አምባ ገበያ እንደ ቀድሞው መሆኑ ቀረ።

እንግዲህ በዚህ ታሪክ መጨረሻ ላይ ኮረብታውንና መንደሮቹን አወዳድረን ብንመለከት ነገሩ ተገልብጦ እናገኘዋለን። ለዘላለም ይቆማል የተባለው ግቢ ጠፍቷል፤ የግቢው አገልጋይ የተባሉት መንደሮች ግን አሉ። የእመ ምሕረት ስም አልጠፋም፤ አርጎባው አሁንም በአፋፉ ላይ ይኖራል፤ አልዩ አምባ በቦታዋ ናት። የወረዳው አስተዳደርም ከኮረብታው ወርዶ በጎረቤላ ተቀምጧል። መንደሮቹ ያለ ግቢው መኖር ቻሉ፤ ግቢው ግን ያለ መንደሮቹ አንድ ትውልድ እንኳ ሊቆም አልቻለም። ውኃ ቀጂዎቹና አጥር ሠሪዎቹ ሲለቁት በራሱ ወደቀ።

ስለ ቅርስ ጥበቃ በሚነገርበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ ዓይናችን የሚያርፈው በኮረብታው አናት በቀረው ግንብ ላይ ነው። ግንቡ ሊጠበቅ ይገባዋል፤ በዚህ የሚከራከር የለም። ነገር ግን የሣህለ ሥላሴን ግቢ በትክክል ለማወቅ የሚፈልግ ባለሙያ ገመዱን ከግንቡ ጀምሮ ቁልቁል መዘርጋት ይኖርበታል። የውኃው መውረጃ መንገድ የት እንደ ነበረ፣ የወፍጮው ቦታ፣ የብረት ሠሪዎቹ መንደር፣ የግመሉ ጭነት ወደ አህያ የሚዛወርበት ሜዳ፣ ከጎንቾ ወደ አንኮበር የሚወጣው ቀጭን ጎዳና በካርታ ሊሰፍሩ ይገባል። ስሞቹን የሚያውቁ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ሳያልፉ ይህ ሥራ ቢሠራ የሚያስወጣው ወጪ አንድ አዳራሽ ከማደስ ያነሰ ነው።

ሣህለ ሥላሴ ታላቅ ንጉሥ ነበሩ ብንል አልተሳሳትንም፤ ሸዋን ከመሳፍንት ጦርነት ጠብቀው፣ ከውጭው ዓለም ጋር አገናኝተው፣ ለልጅ ልጃቸው ሰፊ መሠረት ጥለው አልፈዋል። ጨካኝ ዘመን የወለዳቸው ገዢ ነበሩ ብንልም አልተሳሳትንም፤ የተቃጠሉት መንደሮች፣ የተሸጡት ሰዎችና የጎንቾ እሥረኞች ምስክር ናቸው። ሁለቱን ሚዛን አንድ ላይ ይዞ ለመፍረድ የሚበጀው ስፍራ የኮረብታው ጫፍ አይመስለንም። ከጫፉ የሚታየው የግዛቱ ስፋት ነው። ከታች፣ ከውኃ ቀጂዎቹ መንገድ ላይ ሆኖ ወደ ላይ ለሚመለከት ግን የግቢው ቁመትም፣ ግቢውን ያቆመው ሸክም ክብደትም አብረው ይታያሉ።